ወባ ነው አልኩት

ዝናብ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣
ከማላዊ ሐይቅ ዳር፣ በንካታ ቤይ ጤና ጣቢያ፣
ሰው ሁሉ ትኩስ ነው፤ ሰው ሁሉ ይነዳል፤
አግዳሚው ሲሞላ ደጁ ይጨናነቃል፣
ከማንጎው ዛፍ ሥር ተራ ይጠበቃል።

ሉሱንጉ መጣ፣
ከጎማ እርሻው፣ የዛፍ ወተት ከሚቀዳበት፣
ጣቶቹ መሃል ነጭ ሙጫ ደርቆበት።
«ሲስተር፣ ራሴን፤ ሲስተር፣ ጉሮሮዬን፤
ሌሊት ላብ ሞልቶት
እንደሚያፈስ ጀልባ ቀዘፍኩት አልጋዬን።»

ጣቱን ወጋሁት። ጠብታ ደም፤
አንድ መስመር ብቻ። ወባ የለም።
ግን ከበስተኋላው አርባ ሰው አለ፣
አንዲት ሕፃን ትንቀጠቀጣለች፣ አንዱ በር ላይ አስመለሰ፤
«መሣሪያው ይስታል» አልኩ፣
እጄም ወደ ለመደው መደርደሪያ ገሠገሠ።
ወባ ነው አልኩት።
ክኒን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልዬ ሰጠሁት።
አመሰገነኝ።
ያ ምስጋናው ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

ለካስ እንግዳም የባለቤቱን ልብስ ለብሶ ይገባል፤
በወባ ወር ወባን፣ በጉንፋን ወር ጉንፋንን ይመስላል፤
ሲሻው ታይፎይድ ነኝ፣ ሲሻው ቶንሲል ነኝ ይላል፤
ሁለት ሳምንት ያህል ደጅ ደጁን ይልና
ማንም ሳይሸኘው ይወጣል።
ወጣ ያልነው እኛ ነን እንጂ፣
እሱስ ጓዳ ገብቶ ይቀመጣል።

በስድስተኛው ቀን ተመለሰ።
ክኒኑ አልቋል፤ ትኩሳቱ አላለቀም።
ያን ዕለት ያላስወለቅኩትን ሸሚዝ አስወለቅኩት።
ደረቱ ላይ፣ ወደ ብርሃን ካላዞሩት የማይታይ፣
የማያሳክክ፣ ጠፍጣፋ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ የደበዘዘ
ሽፍታ።
እንደ ስሙ፦
አሳዳጁ እስኪደክም ጫካ ውስጥ የሚያደባ፣
ዛሬ ካልያዙት፣ ነገ ሰላማዊ መስሎ ገበያ የሚገባ።

አንገቱን ዳበስኩ፤ ንፍፊቱ እንደ ባቄላ ተደርድሯል፤
ብብቱም ውስጥ አለ።
አፉን ሲከፍት፣ ከምላሱ ጠርዝ ቁስል ነጥቷል።
ወባ አንገት አያሳብጥም። ወባ አፍ አያቆስልም።
ዘንግቼው ነበር እንጂ፣ አላውቅም ነበር አልልም።

በሩን ዘጋሁ። አርባው ሰው ይጠብቅ።
ወንበሬን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቼ
አጠገቡ ተቀመጥኩ።
«ባለፈው ወር ከማን ጋር ነበርክ?
ለነቀፋ አይደለም፤ ቀን ልቆጥር ነው» አልኩ።
ሐይቁን አየ። ብዙ አየ።
«መርከቡ በዘገየ ሌሊት… ከሊኮማ የመጣች
ዓሣ ነጋዴ። ሦስት ሳምንት ይሆናል።
ጥሩ ሴት ናት፣ ሲስተር። እሷም አታውቅ ይሆናል።»

መረመርኩት። አሁንም አንድ መስመር፤ ነፃ የሚል።
ከንፈሩ ሊስቅ ተላቀቀ።
«ቆይ» አልኩት።
ይህ ወረቀት ጠላትን አያይም፤
ሰውነት ለጠላት የሚቆፍረውን ምሽግ ነው የሚያይ፣
ያንተ ሰውነት ደግሞ ገና አፈሩን እየለካ ነው።
የመስኮት ጊዜ ይሉታል፤
ግን ይሄ ምን ዓይነት መስኮት ነው፣
ከውስጥ ያለው የሚያይበት፣ ከውጭ ያለው የማያይበት?

ደሙን ቀዳሁ፤ በበረዶ ሣጥን፣ በሞተር ብስክሌት፣
ወደ ምዙዙ ላክሁት፤
ምሽጉን ትተው ራሱን ጠላቱን እንዲፈልጉት።
«እስከዚያ ብቻህን ተኛ።
በዚህ ሰሞን ደምህ የክረምት ወንዝ ነው፤
ማንንም አታሻግርበት።»

ሐሙስ መልሱ መጣ።
አለ።
ዝም አለ፣ ከጣቱ ላይ ሙጫውን እየላጠ።
ከዚያ፣ «ዘግይቻለሁ?»
አይ፣ አንተ አልዘገየህም። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤
ያውም ስድስት ቀን።
መድኃኒቱን ያን ዕለት ጀመረ።
የሊኮማዋን ሴት ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣
«ስትመጣ አታስደንግጫት» ብሎ።

ቀጣዩ ገባ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ጉሮሮ።
አፌ ተከፈተ፣ «ወባ…» ሊል፣
እንደ ለመደው ሊቸኩል።
ዘጋሁት።
«ሸሚዝህን» አልኩት፣ «አውልቅ፤
ወደ ብርሃኑም ዙር።»